አይሆንህም

አንድ ቃል በተሳሳተ ቦታ ተናገርኩ እያልኩ ለብዙ ጊዜ ራሴን ሳጽናና ኖሬአለሁ። እውነቱ ግን ከዚያ ይከፋል። ቃሉም ቦታውም ትክክል ነበሩ፤ ያልገባኝ የተጠየቅሁት ጥያቄ ነው። አንድ ሰው ስለ ሕይወቱ ሲጠይቀኝ እኔ ስለ ትከሻው ስፋት መለስኩለት።

ስሜ ሱንዱስ ሀሚዱ ነው። ስሙን ያወጣልኝ አባቴ ነው፤ ከቁርኣን፣ የጀነት ሰዎች ከሚለብሱት ስስ አረንጓዴ ሐር። ስሟ ልብስ የሆነ ሴት በልብስ ምክንያት መሳሳቷ አንዳንዴ ያስቀኛል። ብዙውን ጊዜ ግን አያስቀኝም።

ፎቶ ቤታችን ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚያልፈው መንገድ ዳር ነው። ሚኒባስ ባለፈ ቁጥር መስታወቱ ይንቀጠቀጣል። በዚህ ምክንያት አባቴ መንገዱ ጸጥ እስኪል ሳይጠብቅ ቁልፉን አይጫንም ነበር። «ትንፋሽህን ያዝ፤ የወልዲያው ይለፍ» ይላል፤ የተቀመጠው ሰው ይስቃል። አባቴ የሚፈልገው ሳቁን አልነበረም፤ ሳቁ ሊጠፋ ሲል ፊት ላይ የሚቀረውን ነገር ነበር።

ግድግዳው ላይ፣ ከመስተዋቱ አጠገብ ባለ ሚስማር፣ አንድ ግራጫ ኮት ተሰቅሎ ይኖር ነበር። አባቴ የተዳረበት ኮት ነው፤ ደሴ ላይ ተለክቶ የተሰፋ። ጉርድ ፎቶ ሊነሣ የሚመጣ ገበሬ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ ወደ ጅዳ ለመሄድ ፓስፖርት የሚያወጣ ጎረምሳ ሁሉ ያን ኮት ያጠልቃል። ለቀጭኖቹ ከኋላ በልብስ መቆንጠጫ እንሰበስበዋለን፤ ለወፍራሞቹ ሳይቆለፍ ይቀራል። ካሜራው የሚያየው ፊት ለፊቱን ብቻ ነውና ከፊት ሲታይ ሁሉም የተከበረ ሰው ነበር። «የሐይቅ ወንድ ስንት ነው ብትሉኝ አንድ ኮት ነው እላለሁ» እያለ አባቴ ይቀልድ ነበር።

ሌላም ልማድ ነበረው። ከእያንዳንዱ ሰው አንድ ትርፍ ጉርድ አጥቦ በመሳቢያ ያስቀምጣል። «ሰው ይሄዳል፤ ፊቱ እንኳ ይቅር» ይል ነበር።

ሙንተሲር መጀመሪያ የመጣው ለዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር መታወቂያ ፎቶ ሊነሣ ነው። ሦስት ዓመት ሳዑዲ፣ ጂዛን ሠርቶ ተመልሶ፣ ከአጎቱ ጋር በአንድ ጀልባ ሐይቁ ላይ ይውላል። እኔ ያኔ በዩኒቨርሲቲ ታሪክ አጥንቼ፣ ሥራ እስካገኝ እያልኩ ከባንኮኒው ኋላ መጽሐፍ ሳነብ የምውል ሴት ነበርኩ። በሩ ላይ ቆሞ አልገባም አለ።

«ግባ እንጂ» አለው አባቴ።

«ዓሣ ዓሣ እሸታለሁ ጋሽ ሀሚዱ።»

«ፎቶ አይሸትም። ግባ።»

ሳቅሁ። ዘወር ብሎ አየኝና እሱም ሊስቅ አስቦ ተወው። ለማኅበሩ መታወቂያ ኮት አያስፈልግም ነበርና በሸሚዙ ተነሣ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ያን ቀን ኮቱን ለብሶ ቢሆን ኖሮ የምጽፈው ነገር አይኖርም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጁምዓ ጁምዓ ከመስጊድ ሲወጣ መምጣት ጀመረ። በስልኩ ያነሣቸውን ፎቶዎች ያሳጥባል፤ አንድ በአንድ። ማለዳ ከውሃው ላይ የሚነሣውን ጭጋግ፣ ከጀልባ ሆኖ የሚያያቸውን የእስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች፣ በአምባሰል በኩል ያሉት ተራሮች ከዝናብ በኋላ።

«አሥሩንም በአንዴ ለምን አታሳጥባቸውም?» አልኩት አንድ ቀን።

«አሥሩንም ካሳጠብኩ በሚመጣው ጁምዓ ምን ይዤ ልምጣ?»

አባቴ ከመጋረጃው ጀርባ ሆን ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ የማነበውን ገጽ እስከ ከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት ድረስ አልገለጥኩትም።

«ምን ይላል መጽሐፉ?» ብሎ ይጠይቀኝ ነበር ሌላ ጊዜ።

«ድሮ በዚህ መንገድ ስለሚያልፉ የቅፍለት ነጋዴዎች ነው።»

«ዓሣችንን ይበሉ ነበር?»

«እሱን አይልም።»

«እንግዲያው ጎደሎ ነው ወላሂ» ይልና ፎቶውን ይዞ ይሄዳል።

በእኛ መካከል ከዚህ የሚበልጥ ነገር አልተነገረም። እኔ የቃል ሰው ነኝ፤ የተነገረን ነገር መርምሮ ፍቺ መስጠት ተምሬአለሁ። ያልተነገረው በምን እንደሚነበብ ግን ማንም አላስተማረኝም።

በሁለተኛው ዓመት አባቴ ታመመ። ወደ ደሴ ሐኪም ቤት ሲመላለስ ደግፎ ሚኒባስ ላይ የሚያወጣው ሙንተሲር ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን እኔ የፎቶ ወረቀት ልገዛ ደሴ ሄጄ ሳለሁ፣ ቤት ውስጥ፣ ሙንተሲር ባለበት፣ አንድ ነገር ተባለ። እኔ የሰማሁት ከዘገየ በኋላ ነው፤ እናንተ ግን አሁኑኑ ብትሰሙት ይሻላል።

አባቴ እናቴን ኮቱን እንድታወርድለት ጠየቃት። ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ኮሌታውን በእጁ ዳሰሰና እንዲህ አለ፦ «ይህ ኮት ያገሩን ወንድ ሁሉ ሲያስከብር ኖረ። ከእንግዲህ ይረፍ። ዳግመኛ የሚለብሰው ሱንዱስን የሚያገባት ነው።» ይህን ሲል ያየው ሙንተሲርን ነበር። ሙንተሲር መሬት መሬት አየ። እናቴ «አሚን» አለች።

በአራተኛው ቀን አባቴ አረፈ። እናቴ «አባቷ ነግሯት ይሆናል» ብላ አሰበች። ሙንተሲር «እናቷ ትነግራታለች» ብሎ አሰበ። እንዲህ ሆኖ፣ ሁሉም ታውቃለች ያሉትን ነገር ሳላውቅ ቀረሁ።

ለቀስተኛው ሲበተን ኮቱን ከሚስማሩ አውርጄ በእናቴ ሳጥን ውስጥ ከነናፍታሊኑ አስቀመጥኩት። ከአባቴ ኮሌታ ውስጥ የሌላ ሰው አንገት ወጥቶ ማየት አልቻልኩም፤ ምክንያቴ ይኸው ብቻ ነበር። ደንበኞች ሲጠይቁኝ «አይለበስም» እላቸው ነበር። እናቴ ይህን ሰምታ አለቀሰች፤ የአባቴን ኑዛዜ የጠበቅሁለት መስሏታል። ሙንተሲርም በመጣ ጊዜ ባዶውን ሚስማር ለረጅም ጊዜ አየው፤ ከዚያ እኔን አየኝ። ሐዘኔን የተካፈለኝ መስሎኝ በልቤ አመሰገንኩት።

ከአረፋ በኋላ፣ ጁምዓ ባልሆነ ቀን፣ ከሰዓት በፊት መጣ። በእጁ ፌስታል ይዟል። በሎሚ ታጥቦ ነበር፤ ሽታው ቀድሞት ገባ።

«ፎቶ ልነሣ ነው» አለ። «ትልቁን። ጉርድ አይደለም።»

«ለምን ፈለግኸው?»

ፌስታሉን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ሱረያ ናት። ጅዳ ቁጭ ብላ ሚስት አገኘሁልህ ትላለች። ሀኒያ የምትባል የውጫሌ ልጅ አብራት ትሠራለች። ወላጆቿ የልጁ ፎቶ ይምጣልን ብለዋል።»

ሱረያ ታላቅ እህቱ ናት፤ አባታቸው ከሞተ ወዲህ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። ይህን አውቃለሁ። አውቄም የካሜራውን መስታወት መወልወል ጀመርኩ፤ መስታወቱ ንጹሕ ነበር።

«መልካም ነው» አልኩ። «ምን ይዘህ መጣህ?»

ባንኮኒው ላይ ዘረጋቸው። ኮሌታው ውስጥ ካርቶኑ ያልወጣለት ነጭ ሸሚዝ፣ ከጅዳ የተላከ። ተጣጥፎ የቆየ ጀለቢያ። ከሥራ ውጭ ሁልጊዜ የሚለብሰው ሰማያዊ መስመር ያለው ሸሚዝ፤ በእያንዳንዱ ጁምዓ ያየሁት እሱን ነው።

«ምን ልልበስ?» አለ።

ወዲያው ስልኩን አወጣ። «እህቴ ላንቺም መልእክት አላት፤ ስሚያት» ብሎ የሱረያን ድምፅ ከፈተልኝ።

«ሱንዱስዬ እንዴት ነሽ፣ እናትሽ እትዬ ፈሂማስ ደኅና ናት? በአላህ ይዤሻለሁ፣ ጀለቢያውን እንዳታስለብሺው፤ ኒካህ ሊያስር የመጣ ሼኽ ይመስላል። ያችን ሰማያዊ ሸሚዝ ደግሞ እዚያው አቃጥይልኝ።»

እሱ ቀድሞ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ሁለታችን አብረን የሳቅነው ለመጨረሻ ጊዜ መሆኑን የነገረን የለም።

«አንቺስ?» አለ ሳቁ ሲበርድ። «አንቺ ምን ልበስ ትያለሽ?»

«እህትህ ተናገረች እኮ። ነጩን።»

«እሷን አይደለም የጠየቅሁት።»

«ነጭ ለጠይም ፊት ይስማማል» አልኩ። «መብራቱን ትንሽ ቀነስ አደርገዋለሁ።»

እንደ ባለሙያ ነበር የተናገርኩት። ሰው ሲፈራ ከሚሸሸግባቸው ቦታዎች ሁሉ እንደ ሙያው የሚመቸው የለም።

አንድ የጭነት መኪና አለፈ፤ መስታወቱ ተንቀጠቀጠና ጸጥ አለ። ዓይኑ ባዶው ሚስማር ላይ ነበር።

«የጋሼን ኮት ብለብስስ?» አለ።

ዛሬ ያን አረፍተ ነገር ስሰማው፣ አዎን ዛሬም እሰማዋለሁ፣ በውስጡ የነበረው መንቀጥቀጥ ይገባኛል። አባት የሌለው፣ ሽማግሌ ልኮ እምቢ ቢባል እህቱን አንገት ማስደፋት የማይፈልግ ሰው፣ ከኮት የለሰለሰ መጠየቂያ ከየት ያመጣል? እሺ ካልኩት ሰማዩ የእሱ ነው፤ እምቢ ካልኩት ጉዳዩ የጨርቅ ጉዳይ ሆኖ ይቀራል፤ ማንም አያፍርም። ከዚህ የበለጠ ጨዋነት በመጽሐፍም አላነበብኩም።

ያኔ የተሰማኝ ግን ቁጣ ነበር። የአባቴን ኮት ለብሶ የውጫሌዋን ልጅ ዓይን ሊማርክበት ነው አልኩ። በመቅዘፍ ብዛት የሰፋ ትከሻውን አየሁ፤ ቁጣዬም በትከሻው ላይ ምክንያት አገኘ።

«አይሆንህም» አልኩ።

«አይሆነኝም?»

«አይሆንህም።»

«ሳይለካ?»

«በዓይኔ ለካሁህ።»

በአማርኛችን ለሰውነት የሚጠብ ልብስም አይሆንም፤ ለሰው ያልተጻፈ ዕድልም አይሆንም። ለሁለቱም ያለን ቃል አንድ ነው። እኔ አንደኛውን ተናገርኩ፤ እሱ ሁለተኛውን ሰማ።

«አብሽሪ» አለኝ፣ የሐዘን ቤት ውስጥ በሚባልበት ድምፅ። እኔን ለምን እንደሚያጽናናኝ አልገባኝም። ነጩን ሸሚዝ ይዞ ከመጋረጃው ኋላ ገባ።

ለብሶ ሲወጣ ካርቶኑን ከኮሌታው ማውጣት ረስቶ ነበር፤ እኔ አወጣሁለት። ጣቴ አንገቱን ነካ። ሁለታችንም ያልተነካካን መስለን ቆምን። በርጩማው ላይ አስቀመጥኩት፤ አገጩን ቀና አድርግ አልኩት፤ መብራቱን ቀነስኩ።

«ትንፋሽህን ያዝ» አልኩ እንደ አባቴ። «የወልዲያው ይለፍ።»

አልሳቀም። ተጫንኩት።

በሕይወቴ ካነሣኋቸው ፎቶዎች ሁሉ የተዋጣለት እሱ ነው። ዓይኑ ከካሜራው ትንሽ ወደ ግራ ያያል፤ ሚስማሩ ያለበት በዚያ በኩል ነው። የሀኒያ ወላጆች ፎቶውን አይተው «ዓይነ አፋር ነው፤ ማሻአላህ፣ ጨዋ ልጅ ነው» ማለታቸውን ሰማሁ። ትርፏን ፎቶ በአባቴ ልማድ አጥቤ አስቀረሁ፤ በመሳቢያው ግን አላኖርኳትም። ስለ ቅፍለት ነጋዴዎቹ በሚተርከው መጽሐፍ ውስጥ፣ በዚያች ባልገለጥኳት ገጽ ነው ያለችው።

ሀኒያ መጣች፤ ከረመዳን በፊት ውጫሌ ላይ ተዳሩ። እናቴ ሄደች፤ እኔ ደንበኛ አለብኝ ብዬ ቀረሁ። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ተመልሳ ጫማዋን እያወለቀች፣ ቀና ብላ ሳታየኝ ጠየቀችኝ።

«ለምን እምቢ አልሽው?»

«ማንን?»

«ሙንተሲርን ነዋ። ያን ቀን ሲወጣ በር ላይ አገኘሁት። ኮቱን ጠይቄያት አይሆንህም አለችኝ አለኝ። እኔም ልብ አይገደድም ብዬ ዝም አልኩ። ግን ልጄ፣ ከእሱ ምን ጎደለብሽ?»

«የኮቱን ልክ ነው የነገርኩት እማ። ትከሻው ሰፊ ነው፤ አይሆነውም አልኩ።»

እናቴ ጫማዋን እንደያዘች ቆመች። «አባትሽ አልነገረሽም እንዴ?»

«ምኑን?»

ነገረችኝ። ጉልበቱን፣ ኮቱን፣ አሚን ያለችውን። ስትጨርስ ፊቴን አይታ «ያረቢ» አለች። ውጭ ላይ አንድ ሚኒባስ ቆሞ ረዳቱ «ወልዲያ፣ ወልዲያ» እያለ ይጠራል፤ ከውስጡ በአምባሰል ቅኝት የተዘፈነ የቆየ ዘፈን ይሰማል። እስኪሄድ ጠበቅሁ።

ከዚያ ወዲህ አምስት ዓመት አልፏል። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ መጥቶልናል። ሁለቱም ሰዎች ደህና ሰዎች ነበሩ፤ አንደኛው መምህር ነው፣ መጽሐፍም ያነባል። እኔ ግን ሲያናግሩኝ ሳላስበው ትከሻቸውን እየለካሁ ራሴን አገኘዋለሁ። ከሙንተሲር ጋር መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታችን የተሟላ ነው፤ ስለ እናቴ ጤና፣ ስለ ሐይቁ ውሃ መጉደል፣ ስለ ልጁ እንጠያየቃለን። ሴት ልጅ አለችው። ፎቶ ግን አያሳጥብም።

ባለፈው ጥር፣ ረፋድ ላይ፣ በሩ ላይ ቆሞ አየሁት። እንደ መጀመሪያው ቀን።

«ግባ እንጂ» አልኩ።

«ከሥራ ነው የመጣሁት። ዓሣ ዓሣ እሸታለሁ።»

«ፎቶ አይሸትም።»

ፈገግ ብሎ ገባ። ጉርድ ለፓስፖርት እንደሚፈልግ ነገረኝ። «ልመለስ ነው፣ ጂዛን። ሀኒያ ሁለተኛ ይዛለች፤ ዓሣውም እንደ ድሮው አይደለም» አለ። ሸሚዙ እርጥብ ነው፣ ኮሌታው ተተልትሏል። በአባቴ ሚስማር ላይ አሁን ከደሴ የገዛሁት ጥቁር ኮት ተሰቅሏል። ሁሉም የሚያደርገውን ሊያደርግ እጁን ወደ እሱ ዘረጋ።

«ቆይ» አልኩት።

ወደ ጓዳ ገባሁና ሳጥኑን ከፈትኩ። እናቴ በጓሮ በር በኩል ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች። ኮቱን በክንዴ ላይ ስታይ ተነሣች፤ ደረቱ ላይ የቀረውን የናፍታሊን ዱቄት በመዳፏ አራግፋ መልሳ ተቀመጠች።

ሙንተሲር ኮቱን ሲያይ አልተቀበለኝም። አባቴ እንደሚያደርገው በትከሻው በኩል ይዤ ዘረጋሁለት። ከዚያ ጀርባውን ሰጠኝና አንዱን እጁን አስገባ፤ ሌላውንም። ልክክ አለ። መቆንጠጫ አላስፈለገውም፤ ሳይቆለፍም አልቀረም።

በመስተዋቱ ራሱን አየ።

«ሆነኝ» አለ በቀስታ።

«ሆነህ።»

ያኔ የአባቴን ኑዛዜ እንዳላወቅሁ ልነግረው ፈለግሁ። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ነገር ግን ነፍሰ ጡር ሚስቱን ትቶ ባሕር ሊሻገር ለተነሣ ሰው ይህ ምን ስንቅ ይሆነዋል? የእኔን ቁጭት አብሮኝ ከመሸከም በቀር የሚያደርግበት ነገር የለም።

«ያኔ አልለካነውም ነበር» አልኩ ብቻ።

ኮሌታውን ሲያስተካክል ቆየ። እኔ ወደ ካሜራው ዞሬ ነበር።

«አዎ» አለ። «አልለካነውም።»

በርጩማው ላይ ተቀመጠ። አሁን ፊት ለፊት ነው የሚያየው፤ ወደ ግራ የሚፈልገው ነገር የለም።

«ትንፋሽህን ያዝ» አልኩ። «የወልዲያው ይለፍ።»

ሳቀ። ሚኒባሱ አለፈ፤ መስታወቱ ዝም አለ። ሳቁ ፊቱ ላይ ሊጠፋ ሲል ተጫንኩት።

አራት ጉርድ አጠብኩ፤ ለመሳቢያው አምስተኛ አልጨመርኩም። አራቱንም ሰጠሁት። ሲሄድ ግራጫውን ኮት ከጥቁሩ ጎን ሰቀልኩት።